መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት የተላከው ኢሜይል የት ገባ?

ገላን_ማዶ · ረቡዕ ጠዋት 4:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ገላን አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የአይቲ ክፍል የሚባለው እኔ ነኝ። ኃላፊውም እኔ፣ ሠራተኛውም እኔ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ የሚጠራውም እኔ። የኢሜይል ጌትዌዩን፣ ማለትም ገቢ መልእክት መጀመሪያ የሚፈተሽበትን በር፣ አምና እዚሁ ቢሮ ውስጥ ተከልኩት። ከፊት መልእክት ተቀባዩ ፖስትፊክስ አለ፣ መሀል ላይ ለፍተሻ የሚያቀብለው አማቪስ፣ ከሱ ኋላ ስፓም የሚለየው ስፓምአሳሲን እና ቫይረስ የሚፈልገው ክላምኤቪ። ገቢ መልእክት ሁሉ በዚህ አልፎ ነው የሠራተኞቹ ሳጥን ወዳለበት ሰርቨር የሚሄደው። እስከ ሰኞ ድረስ የከሰሰኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ማክሰኞ ጓንግዡ ያለው ጥሬ ዕቃ አቅራቢያችን «ፕሮፎርማ ልኬያለሁ» አለን። በነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 9:30 ነው የላከው፣ ስክሪንሾቱንም አይተነዋል። በኛ ሌሊት 10:30 ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ምንም የለም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሷ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። «ያ ማሽንህ በላው አይደል?» አለችኝ። ባንክ ዛሬ ከሰዓት ይፈልገዋል።

የማውቀውን ልንገራችሁ። ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8:40 ላይ መብራት ጠፍቷል። ዩፒኤሱ 35 ደቂቃ ይዞ ሞተ። ጄነሬተሩ የማሽን መስመሩን እንጂ ቢሮውን አያበራም። መብራት የመጣው ንጋት 12:20 ነው። እሺ፣ 10:30 ላይ ሰርቨሩ አልነበረም፣ ይገባኛል። ግን ላኪው ድጋሚ መሞከር የለበትም? ሎጉ (የጌትዌዩ መዝገብ) ላይ የአቅራቢውን አይፒ (የሰርቨሩን የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ፈለግኩ፣ ጭራሽ የለም። በላኪው አድራሻ ስፈልግ አንድ መስመር አገኘሁ፣ 3:50 ላይ፣ ከማላውቀው አይፒ። 3:50 ላይ መብራቱም ነበረ፣ እኔም ቡና ይዤ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። አንዱ አጭበርባሪ በአቅራቢው ስም የላከው ነው ብዬ አለፍኩት።

ጥያቄዬ፦ አንድ መልእክት ከደጅ እስከ ሳጥን በምን በምን ነው የሚያልፈው? ደግሞስ የአቅራቢውን ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለውን ስም) ዋይትሊስት፣ ማለትም ያለ ፍተሻ የሚያልፍ፣ አድርጌ ብገላገልስ?

ቱሉዲምቱ_ኖድ · ረቡዕ 4:18

ዋይትሊስት አድርግና ድጋሚ ይላክልህ። አለቀ። ለአንድ ፕሮፎርማ ይሄን ሁሉ ጻፍክ ብሮ 😂

የድሮ_ሞደም · ረቡዕ 4:45

ቆይ ልጄ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዋይትሊስቱ የትም አይሸሽም። መጀመሪያ መልእክቱ በየት በኩል እንደመጣ እንይ።

ላኪው ሰርቨር ያንተን ቤት አያውቀውም። የኢንተርኔቱን የስም ማውጫ፣ ዲኤንኤስን፣ ይጠይቃል፤ የዚህን ዶሜይን ፖስታ የሚቀበለው ማነው? የኤምኤክስ ሪከርድ ይመለስለታል። ሁለት ካሉ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል፣ እሱ ካልተገኘ ሌላው መጠባበቂያ ሆኖ ይቀበላል። ከዚያ ፖርት 25 ላይ ያንኳኳል። ያንተ ፖስትፊክስ 220 ብሎ ይመልስለታል። እሱ «ኢህሎ» ብሎ ስሙን ይናገራል። ቀጥሎ «ሜይል ፍሮም» ብሎ ላኪውን፣ «አርሲፒቲ ቱ» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል። እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ ፖስታው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ደብዳቤው ራሱ የሚመጣው «ዳታ» ሲባል ነው። የሚያልቀውም አንድ መስመር ላይ ብቻዋን በምትቆም ነጥብ ነው። ወጉ ከኛ አገር ወግ አይርቅም፤ ሰላምታ፣ የማን ነህ፣ ማንን ፈልገህ ነው፣ በል ጉዳይህን ተናገር። ከኢንተርኔት አባቶች አንዱ ጆን ፖስቴል ይህንን እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 821 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ላይ ጻፈው፣ ብዙ ነገር ተጨምሮበት ዛሬም አጥንቱ ያው ነው።

የበሩ መልስ ምንጊዜም ቁጥር ነው። በ2 ከጀመረ እሺ፣ ቀጥል። በ4 ከጀመረ አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ተመለስ። በ5 ከጀመረ አይሆንም፣ አትመለስ። የጌትዌይ ሥራ ከነዚህ ሦስቱ የትኛውን መቼ እንደሚናገር ማወቅ ነው።

ብልሃቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ርካሹ ፍተሻ ይቀድማል። ገና ሲያንኳኳ አይፒው የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ላይ አለ ወይ ይባላል፤ አንድ የዲኤንኤስ ጥያቄ ነው፣ ምንም አይፈጅም። አይፒው የተገላቢጦሽ ስም አለው ወይ? «ኢህሎ» ብሎ የተናገረው ስም ስም ይመስላል ወይስ የሆነ የተጣለ ቁጥር? ላኪውን ሲጠራ ደግሞ ኤስፒኤፍ ይታያል፤ የዚያ ዶሜይን ባለቤት «በኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ አይፒዎች ናቸው» ብሎ ዲኤንኤስ ላይ የለጠፈው ዝርዝር ነው። ተቀባዩን ሲጠራ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ አለ ወይ? ከሌለ 550 ተብሎ እዚያው በሩ ላይ ይሰናበታል። አብዛኛው ቆሻሻ ደብዳቤውን ሳያወጣ እዚህ ያልቃል።

ከ«ዳታ» በኋላ ያለው ነው ውዱ። ዲኪም ይመረመራል፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ ዲኤንኤስ ላይ ካለው ቁልፍ ጋር ይገጥማል ወይ? ዲማርክ ደግሞ ሰው ዓይን የሚያየው የላኪ ስም ኤስፒኤፍ ወይ ዲኪም ካረጋገጠው ዶሜይን ጋር አንድ መሆኑን ያያል። አንዱ ከገጠመ ይበቃዋል። ከዚያ ክላምኤቪ ዓባሪውን ይፈትሻል፣ ስፓምአሳሲን እያንዳንዱን ነገር ነጥብ እየሰጠ ይደምራል፣ ካልነካካኸው 5 ሲሞላ ስፓም ይለዋል።

አንድ ነገር ልብ በል። ከነጥቧ በኋላ 250 ካልክ መልእክቱ ያንተ ዕዳ ነው። ላኪው ከወረፋው ያወጣዋል፣ እጁን ይታጠባል። አማቪስ እንደብዙው ሰው አድርገህ ከወረፋው በኋላ ካስቀመጥከው የሚያየው አንተ 250 ካልክ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያለህ ምርጫ ማሳለፍ፣ ኳራንቲን (የተጠረጠረ መልእክት ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ) ማስገባት ወይ መጣል ነው። በሩ ላይ መመለስ ቀርቷል። «ማሽኑ በላው» የሚባለው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሆነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሁለተኛ ኤምኤክስ አላችሁ? ሎጉስ በየትኛው ሰዓት ነው የሚጽፈው?

ኮዬ_ኬብል · ረቡዕ 4:52

ጋሼ የጻፉትን ሴቭ አደረግኩት 🙏

ሳይዝም እይ ወንድሜ። ፖስትፊክስ ካልነካኸው የአንድ መልእክት ጣሪያው 10240000 ባይት ነው። ስካን የተደረገ 8 ሜጋ ፒዲኤፍ በሱ ሥር ይመስላል፣ ግን ዓባሪ ሲላክ ቤዝ64 በሚባል የፊደል ኮድ ተጽፎ ነው የሚላከው፣ በአንድ ሦስተኛ ያብጣል፣ ወደ 11 ሜጋ ይሆንና 552 ተብሎ ይመለሳል። እኛ መጋዘን የሚላኩ የጨረታ ሰነዶች በዚህ ምክንያት ሲመለሱ ሁለት ወር ፋየርዎል ስንጠረጥር ነበር።

ገላን_ማዶ · ረቡዕ 5:05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ኤምኤክስ አለን። ቁጥሩ 20 ነው፣ ዌብሳይቱን የሚያስተናግድልን ድርጅት ጋ ነው ያለው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ያስገባው ነው፣ እኔ ነክቼውም አላውቅ። የሎጉን ሰዓት ደርሼ ልይ። ሳይዙ ግን አይመስለኝም፣ ሁለት ገጽ ነው።

ሰበታ_ላይ · ረቡዕ 5:11

ስለ ጥቁር መዝገቡ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚወድቅበት። ስፓምሃውስን (ከጥቁር መዝገቦቹ ታዋቂውን) የምትጠይቁት እንደ 8.8.8.8 ባለ የሕዝብ ሪዞልቨር (ዲኤንኤስን የሚጠይቅላችሁ ሰርቨር) በኩል ከሆነ መልስ አይሰጣችሁም። የስህተት ኮድ ነው የሚመለሰው፣ 127.255.255.254። ጌትዌያችሁ «መልስ ከመጣ ተዘርዝሯል ማለት ነው» ብሎ የሚያስብ ከሆነ አለቀላችሁ፣ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። እኔ ራሴ ሪዞልቨር ቀይሬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የድርጅቱን ፖስታ ስመልስ ውያለሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ምክንያቱም ሊነግሩኝ የሚችሉት በኢሜይል ነበር 😅

መፍትሔው ጌትዌዩ ላይ የራሳችሁን ሪዞልቨር መትከል ነው፣ አንባውንድ ይበቃል። እና ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ያለውን መልስ ብቻ እንዲያምን ንገሩት።

ገላን_ማዶ · ረቡዕ 5:24

ሰዎች። ሎጉ የሚጽፈው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው።

ሎጉ ዩቲሲ ነው!! 03:50 ያልኳችሁ የኛ 3:50 አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ 06:50፣ በኛ አቆጣጠር ንጋት 12:50 ነው። መብራት ከመጣ ልክ ግማሽ ሰዓት በኋላ። እኔ እኮ ያኔ ሰርቪስ ውስጥ ቃሊቲ ላይ ተኝቼ ነበር።

የድሮ_ሞደም · ረቡዕ 5:31

ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነዋ የዋልከው 😄

በል ያቺን የማታውቃትን አይፒ ከሁለተኛው ኤምኤክስ አይፒ ጋር አስተያይ። ኳራንቲኑንም ክፈት። መልእክቱን ካገኘኸው ራስጌውን (ከደብዳቤው በላይ ያለውን የጉዞ መረጃ) አውጣና «ሪሲቭድ» የሚሉትን መስመሮች ከታች ወደ ላይ አንብብ። የታችኛው የመጀመሪያው ነው።

ቱሉዲምቱ_ኖድ · ረቡዕ 5:33

የዩቲሲ ነገር እኔንም ገድሎኛል። አቋራጩ፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንስ፣ የሐበሻ ሰዓት ይወጣልሃል። 03:50 ሲቀነስ 3፣ 0:50፣ ማለትም 12:50።

ገላን_ማዶ · ረቡዕ 5:58

አገኘሁት። ኳራንቲን ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን ሙሉ እዚሁ አጠገቤ ነበር።

ከስልክ ስለምጽፍ ሎጉን በፊደላችን እየገለበጥኩ ነው። ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይነበባል፦

01:30 ዩቲሲ፣ የአቅራቢው ሰርቨር ለሁለተኛው ኤምኤክስ አስረከበ። (የኛ ሌሊት 10:30፣ ልክ እንዳለው።)
03:50 ዩቲሲ፣ ሁለተኛው ኤምኤክስ ለኛ ጌትዌይ አስረከበ።

ነጥቡ ደግሞ ይኸው፦ ኤስፒኤፍ ፌል፣ 1 ነጥብ። ዲኪም፣ ፊርማ የለም። ዲማርክ ፌል፣ የላኪው ፖሊሲ ኳራንቲን፣ 4 ነጥብ። ሌላ ጥቃቅን 0.8። ድምር 5.8።

ያቺን 4 ነጥብ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዲማርክ የወደቀ ሁሉ እንዳያልፈኝ ብዬ በራሴ እጅ ጨመርኳት። ፎርጅድ ነው ብዬ ስለደመደምኩ ደግሞ ኳራንቲኑን ለመክፈት እንኳን አልሞከርኩም። ለቅቄዋለሁ፣ አሁን ሳጥኗ ውስጥ ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አቅራቢው ኤስፒኤፍ አለው፣ ፈተሽኩት፣ አይፒውም ዝርዝሩ ላይ አለ። ለምን ወደቀ?

ሰበታ_ላይ · ረቡዕ 6:10

በሩን ያንኳኳው አቅራቢው ስላልሆነ ነው። ጌትዌይህ የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመውን አይፒ ነው። የቆመው ሁለተኛው ኤምኤክስ ነው፣ በእጁ የያዘው ደግሞ የአቅራቢው ስም ያለበት ፖስታ። የአቅራቢው ዝርዝር ላይ ያንተ ሆስቲንግ ድርጅት አይፒ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ፌል። ዲኪም ቢኖረው ኖሮ ፊርማው ከደብዳቤው ጋር ስለሚጓዝ ባለፈ ነበር፣ ዲማርክም በሱ ይድን ነበር። እሱ ግን ያለው ኤስፒኤፍ ብቻ ነው። ኤስፒኤፍ ደግሞ መሀል ላይ ሰው ሲገባ ይሰበራል።

ስፓምአሳሲን ላይ «ትረስትድ ኔትዎርክስ» እና «ኢንተርናል ኔትዎርክስ» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። የሁለተኛውን ኤምኤክስ አይፒ ሁለቱም ላይ አስገባ። ያኔ «ይሄ የራሳችን ሰው ነው፣ እሱን ተወውና ለሱ ያስረከበውን እይ» ይልና አንድ መስመር ወደ ኋላ ሄዶ የአቅራቢውን አይፒ ይመረምራል።

ቡራዩ_አድሚን · ረቡዕ 6:30

ከርዕስ መውጣት ይሁንብኝና፣ የኛ የደሞዝ ሶፍትዌር የሚልከው አማርኛ ርዕስ ያለው ኢሜይል ሁሉ ስፓም ይገባል። እንግሊዝኛ ስናደርገው ያልፋል። ስፓምአሳሲን አማርኛ ይጠላል ወይ?

ሰበታ_ላይ · ረቡዕ 6:41

አይጠላም፣ ሶፍትዌሩን የጻፈው ልጅ ሰንፎ ነው። የኢሜይል ራስጌ ከጥንት ጀምሮ የተሠራው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ እንዲሸከም ነው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ ርዕስ ላይ ሲገባ በቤዝ64 ወይ በሌላው መንገድ መጠቅለል አለበት። ሳይጠቀለል እንዳለ ከተወረወረ ስፓምአሳሲን «ርዕሱ ላይ የማይፈቀድ ፊደል አለ» ብሎ ነጥብ ይጥልበታል። ፕሮግራመሩን አንድ መስመር እንዲያስተካክል ንገሩት። ገደቡን ከፍ አታድርጉ።

ቡራዩ_አድሚን · ረቡዕ 6:44

ፕሮግራመሩ እኔ ነኝ 🙈 እሺ እህቴ።

ቱሉዲምቱ_ኖድ · ረቡዕ 7:20

እሺ፣ ተምረናል። ግን ለምን ዋይትሊስት እንደማይሆን እስካሁን ማንም አልነገረኝም። አቅራቢው ዋይትሊስት ላይ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር እኮ።

ኮዬ_ኬብል · ረቡዕ 7:38

ልንገርህ፣ ያየሁትን ነው።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ የአቅራቢው ዶሜይን ዋይትሊስት ላይ ነበር። በዶሜይኑ ስም የመጣ ሁሉ ያለ ፍተሻ ያልፋል። አንድ ቀን ኢሜይል መጣ። የላኪው ስም ያው፣ አድራሻው ያው፣ ፊደል እንኳን አልተዛነፈም። «የባንክ አካውንታችን ተቀይሯል፣ ቀጣዩን ክፍያ በዚህ ላኩ»። ኤስፒኤፍ ፌል ነበር፣ ዲማርክም ፌል። ማን አይቶት? እኛው አትይ ብለነዋል። ገንዘቡ ሊሄድ ሲል የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ዝም ብላ ስልክ ደወለችላቸው። በሷ ተረፍን።

ዓይንህ የሚያየው «ከ» የሚለው መስመር ደብዳቤው ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው። ማንም ማንንም መጻፍ ይችላል። ዋይትሊስት ስታደርግ ያንን ጽሑፍ አመንኩት እያልክ ነው። የግድ ካስፈለገህ ስፓምአሳሲን ላይ ኤስፒኤፍ ወይ ዲኪም ሲያልፍ ብቻ የሚሠራ ዋይትሊስት አለ፣ እሱን ተጠቀም።

ቱሉዲምቱ_ኖድ · ረቡዕ 7:45

እሺ ይሄ አሳመነኝ። ነገ የኛን አጸዳለሁ። ሠላሳ ምናምን ዶሜይን አለበት 😬

ግሬይሊስቲንግንስ ምን ትላላችሁ? መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ 450 ብሎ የሚመልሰውን። እኔ አጠፋሁት። የማረጋገጫ ኮድ ዕድሜው 10 ደቂቃ ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ 15 ደቂቃ ሆኖታል። ትልልቆቹ ላኪዎች ደግሞ በየሙከራው ከሌላ አይፒ ነው የሚመጡት፣ ሁሌ እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራሉ።

የድሮ_ሞደም · ረቡዕ 8:15

ማጥፋትህ ጥሩ ነው። በዘመኑ ግን ጠቅሟል። ስፓም ላኪው አንዴ ሞክሮ የሚሄድ ነበር፣ እውነተኛ ሰርቨር ግን ይመለሳል፤ ከዚህ የተነሣ ሐሳብ ነው።

ይህ የመመለስ ነገር ግን ወደ ገላኑ ልጅ ይወስደኛል። ልጄ፣ ሰበታ_ላይ ያለችህን አስገባ፣ ልክ ነች። እኔ ብሆን ግን ሁለተኛውን ኤምኤክስ ጭራሽ ነው የማወጣው።

ለምን መሰለህ? አንተ መብራት ሲጠፋ ፖስታ የሚጠፋ መስሎህ ነው ያስቀመጥከው፣ ወይም ያ ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ። አይጠፋም። በርህ ሲዘጋ ላኪው ይዞት ይቆያል። ደንቡ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ሞክር ነው የሚለው፣ ፖስትፊክስም ካልነካኸው 5 ቀን ይይዛል። መጀመሪያ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ እያራራቀ እስከ 4000 ሰከንድ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን። ያን ሌሊት መጠባበቂያው ባይኖር ጓንግዡ ያለው ሰርቨር ራሱ ጠብቆ፣ መብራት ሲመጣ በራሱ አይፒ መጥቶ፣ ኤስፒኤፉን አልፎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። ያንተን ኢሜይል ያስቀረው መብራቱ አይደለም፣ ለመብራቱ ብለህ ያስቀመጥከው ነው።

ሌላም አለ። መጠባበቂያው የሠራተኞችህን ዝርዝር ያውቃል? አያውቅም፣ በዶሜይንህ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በኋላ ላንተ ሲያስረክብ አንተ «ይህ ሰው የለም፣ 550» ትለዋለህ። እሱ ግን ቀድሞ 250 ብሏል፣ ዕዳ ገብቷል። ስለዚህ «አልደረሰም» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ለላኪው ይመልሳል። ላኪው ደግሞ የተሰረቀ ስም ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ሳጥን ውስጥ ያላከው ደብዳቤ መልስ ይገባል። ይህ ሲደጋገም የመጠባበቂያው አይፒ ራሱ ጥቁር መዝገብ ይገባል። ስፓም ላኪዎች ይህን ስለሚያውቁ አውቀው በኋላ በር ነው የሚመጡት፣ ዋናው በር ክፍት ሆኖ እንኳን።

ሰበታ_ላይ · ረቡዕ 8:40

ጋሼ አክብሬዎት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኛ ጋ ባለፈው ክረምት ትራንስፎርመር ተቃጥሎ 4 ቀን ያለ መብራት ቆይተናል። 4 ቀን! ላኪው 5 ቀን ይይዛል የሚባለው በደንብ የተሠራ ሰርቨር ከሆነ ነው። አንዳንዱ በአንድ ቀን ተስፋ ይቆርጣል። የዌብሳይት ፎርም፣ ካሜራ፣ ምናምን መሣሪያ፣ አንዴ ሞክሮ የሚተው ሞልቷል። ደንበኛውም በየቀኑ «መልእክትህ ዘግይቷል» የሚል ሲመጣለት ድርጅቱ የተዘጋ ነው የሚመስለው።

የኛ መጠባበቂያ የተቀባይ ዝርዝር በየሰዓቱ ከዋናው ይወስዳል፣ ጥቁር መዝገብ ፍተሻውም አንድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጥፋት የለውም። የሰው ቤት ያለና እንደፈለግን የማናዝዘው ከሆነ ግን፣ እውነትዎን ነው፣ ይውጣ።

የድሮ_ሞደም · ረቡዕ 8:52

እንዳንቺ የሚጠብቀው ሰው ካለ ይቁም። ስንት ሰው ነው እንዳንቺ የሚጠብቀው?

ገላን_ማዶ · ረቡዕ 10:05

የኛን ማዘዝ አንችልም፣ ጠየቅኩ። የተቀባይ ዝርዝር የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ለጊዜው አይፒውን ሁለቱም ቦታ አስገብቼ ያንኑ መልእክት ድጋሚ በስፓምአሳሲን አሳለፍኩት። ኤስፒኤፍ ፓስ፣ ዲማርክ ፓስ፣ ድምር 0.8። አንዲት አይፒ ናት 5 ነጥብ ያመጣችብኝ።

አሁን ደግሞ ኤምኤክስ 20ን ከዲኤንኤስ አወጣኋት። ቲቲኤሏ (ሌሎች ሰርቨሮች ይዘዋት የሚቆዩበት ጊዜ) አንድ ቀን ስለሆነ እስከ ነገ ማታ የሚያስታውሷት ይኖራሉ፣ ስለዚህ አይፒዋን ከዝርዝሩ አላወጣም።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ጋ ሄጄ «ተገኘ» አልኳት። ፕሮፎርማው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ደርሷት አትማው ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

ቱሉዲምቱ_ኖድ · ረቡዕ 10:09

😂😂😂 ይሄ ነው አይቲ

ገላን_ማዶ · ዓርብ ምሽት 1:50

መብራት አሁን ጠፋ። ዩፒኤሱ እየጮኸ ነው፣ እኔ ደግሞ ሰርቪስ አምልጦኝ እዚሁ ነኝ። ኤምኤክስ 20 የለችም። ሰርቨሩን በደንብ ዘግቼው እሄዳለሁ፣ ጠዋት የሆነውን እጽፋለሁ።

ገላን_ማዶ · ቅዳሜ ጠዋት 2:30

መብራት የመጣው ንጋት 12:15 ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ ወረፋው ባዶ ነበር፣ ትንሽ ፈራሁ። 12:19 ላይ የመጀመሪያው ገባ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ዝም። 12:50 አካባቢ አከታትለው መጡ። የመጨረሻው 1:21 ላይ ገባ። በጠቅላላው 14 መልእክት፣ ሁሉም በየራሳቸው አይፒ፣ ኳራንቲን የገባ አንድም የለም። አቅራቢውም አንዱ ነው፣ የጭነት ሰነድ ልኮ ነበር።

አንድ ብቻ ቀርቷል። ዱከም መጋዘናችን ያለው የካሜራ ሳጥን ማታ 2:40 ላይ መልእክት ልኮ ነበር፣ እኛ ጋ በሩ ተዘግቶ አገኘው፣ ድጋሚ አልሞከረም። የመሣሪያውን ሎግ ከፍቼ ነው ያየሁት። መልእክቱ «መብራት ጠፍቷል» የሚል ነበር።

ሰበታ_ላይ · ቅዳሜ 2:41

አላልኩም? 😄